ጥያቄ አለኝ፦ ለደሴ ቦይ የኮምቦልቻ ዝናብ ይሆናል?

ክረምቱ ሲቃረብ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ወደ ጎርፍ ያዘነብላሉ። የዚህ እትም ጠያቂዎች ግን ከጎርፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ዝናቡን ራሱን ጠይቀዋል፤ ቦይና ካልቨርት (ውሃን ከመንገድ ሥር የሚያሳልፍ መተላለፊያ) ሲሠራ የሚያዘው የዝናብ ቁጥር ከየት ይመጣል? ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡትን መርጠን፣ ማብራሪያ የሚፈልገውን አስረዝመን፣ ሌላውን በአጭሩ መልሰናል።

«የኮምቦልቻን የ31 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ በኤክሴል ፋይል ተቀብያለሁ። የየዓመቱን ትልቅ ቁጥር አውጥቼ ጉምቤል ብሠራ ይበቃል? አለቃዬ "ሠርተህ አስረክብ" ይላሉ፤ እኔ ግን ፋይሉን ሳየው ልቤ አልቆረጠም።» (መሐንዲስ፣ ከኮምቦልቻ)

ልብዎ አለመቁረጡ ደግ ነው። ጉምቤሉ፣ ማለትም ከየዓመቱ ትልቅ ዝናብ ተነሥቶ ብርቁን ዶፍ የሚገምተው ስሌት፣ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ቀን የሚበላው ፋይሉን ማጽዳት ነው።

መጀመሪያ ባዶውንና ዜሮውን ይለዩ። ሰረዝ ወይም ባዶ ቦታ «አልተነበበም» ማለት ነው፤ ዜሮ ደግሞ «ተነቧል፣ ዝናብ አልነበረም» ማለት ነው። ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ «ላስተካክለው» ብሎ ባዶውን ሁሉ በዜሮ ይሞላዋል። ወሎ ድርቅ የማታውቅ አገር አይደለችም፤ ቢሆንም ሐምሌ ሙሉውን ዜሮ የሆነ መዝገብ ከጎረቤት ጣቢያ ጋር ሳይተያይ አይታመንም። በሐምሌና በነሐሴ ከ10 ቀን በላይ የጎደለበትን ዓመት እኛ ከትልልቆቹ ዝርዝር እናወጣዋለን። ብቸኛው ልዩነት በቀሩት ቀናት ውስጥ በጣም ትልቅ ንባብ ያለ እንደሆነ ነው፤ ያ ዓመት ይቆያል። የጎደለውን ቀን በጎረቤት ጣቢያዎች አማካይ መሙላት ለወርሃዊ ድምር ይሠራል፤ ለትልቅ ዝናብ ግን አይሆንም። አማካይ ጫፉን ይቆርጠዋልና።

ቀጥሎ የተጠራቀመ ንባብ ይፈልጉ። አንባቢው ሁለት ቀን ቀርቶ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ የሦስቱን ቀን ውሃ በአንድ ቀን ይጽፈዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰረዝ ወይም ሁለት ዜሮ፣ ከዚያ ድንገት 80 ሚ.ሜ.። ነጥብ የጠፋበትም አለ፤ 6.5 የነበረው 65 ይሆናል። ከየዓመቱ አንደኛውን ብቻ ሳይሆን አንደኛውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከነቀናቸው ያውጡ። አንደኛው ከሁለተኛው በእጥፍ ከበለጠ ዋናውን ወረቀት አስወጥተው ይዩ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምሥራቅ አማራ ማዕከል እዚያው ኮምቦልቻ ስለሆነ እግርዎ አይደክምም። የተረጋገጠን ትልቅ ቁጥር ግን «ከመስመር ወጣ» ብለው እንዳይጥሉት። ቦዩን የሚሞላው እሱ ነው።

ሦስተኛው የኛው አገር ጣጣ ነው፤ የዘመን አቆጣጠር። የሚቲዎሮሎጂ መዝገብ የሚያዘው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለዘገባ እንዲመች ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ዓመት የሚገለብጥ ሰው ዓመቱን መስከረም 1 ላይ ይቆርጠዋል። መስከረም ደግሞ የክረምቱ ጅራት ነው። አንዱ ክረምት ለሁለት ይከፈልና በነሐሴ መጨረሻ የጣለው ለአሮጌው ዓመት፣ በመስከረም መባቻ የጣለው ለአዲሱ ይቆጠራል፤ ሁለቱም ከአንድ የአየር ሁኔታ የመጡ ሆነው ሳለ እንደ ሁለት ዓመት ምስክር ይቀርባሉ። ዓመቱን በደረቁ ወቅት ይቁረጡ። ለደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ የጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ማለትም ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ይበቃል።

የቀኑንም ነገር ያስታውሱ። ንባቡ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስለሚወሰድ ዛሬ ጠዋት የተጻፈው ውሃ በአብዛኛው የትናንት ከሰዓትና የሌሊት ዝናብ ነው። ከጎርፍ ቀን ወይም ከሳተላይት መረጃ ጋር ሲያስተያዩ አንድ ቀን ይንሸራተታል፤ ብዙ ሰው «መዝገቡ ተሳስቷል» የሚለው ይኼን ሳያውቅ ነው።

አሁን ጉምቤል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የየዓመቱ ትልቅ ዝናብ አማካይ 55 ሚ.ሜ.፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ የሚበታተኑበት ልክ) 14 ሚ.ሜ. ቢሆን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን በማባዣው አባዝተው አማካዩ ላይ ይደምራሉ። ማባዣው በአማካይ በ2 ዓመት አንዴ ለሚታለፍ ዝናብ −0.164፣ ለ5 ዓመት 0.719፣ ለ10 ዓመት 1.305፣ ለ25 ዓመት 2.044፣ ለ50 ዓመት 2.592፣ ለ100 ዓመት 3.137 ነው። ስለዚህ የ25 ዓመቱ 83.6፣ የ50 ዓመቱ 91.3 ሚ.ሜ. ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ አንዳንድ መማሪያ መጽሐፍ በመዝገቡ ርዝመት የሚለዋወጥ ማባዣ ይሰጣል፤ ለ30 ዓመት መዝገብ የ50 ዓመቱ ማባዣ 3.026 ይሆንና ውጤቱ ወደ 97.4 ይወጣል። ሁለት መሐንዲሶች ከአንድ ፋይል ሁለት መልስ ይዘው የሚጨቃጨቁት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የተጠቀሙበትን ማባዣ በዘገባው ላይ ይጻፉት።

በመጨረሻ በ1.13 ያባዙ። ከ3 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የተቆረጠ ቀን ትክክለኛውን ከፍተኛ 24 ሰዓት ሁልጊዜ አይዝም፤ ማስተካከያው የተለመደው ይኼ ነው። የክረምት ዝናባችን ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሚወርድ ጠዋት ላይ ለሁለት የሚቆረጠው ጥቂት ነው፤ በዚህ ምክንያት 1.13 ለኛ ትንሽ ይበዛል ብለን እናስባለን። ያም ሆኖ እንጠቀምበታለን፤ ከጽዳቱ በኋላ የሚቀረው ስሕተት በአብዛኛው ወደ ማሳነስ ስለሚጎትት። የ25 ዓመቱ 83.6 በዚህ 94.5 ሚ.ሜ. ይሆናል።

«ከጦሳ ተራራ ሥር ለሚሠራ ቦይ የደሴ ጣቢያ ንጹሕ መዝገብ 12 ዓመት ብቻ ሆነብኝ። ኮምቦልቻ ረዥም መዝገብ አላት። የኮምቦልቻን ልውሰድ? ወይስ ደሴ ከፍ ስለምትል በሆነ ቁጥር ላባዛው?» (አማካሪ፣ ከደሴ)

እንዳለ አይውሰዱት፤ በከፍታም አያባዙት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። ከፍታ የዓመቱን ድምር ይጨምር ይሆናል። የአንድ ከሰዓት ዶፍ ግን በከፍታ ልክ ይጨምራል የሚል ሕግ የለም፤ ሞቃቱ ቆላ ጥቂት ቀን ዘንቦ ያንኑ ቀን ከደጋው የባሰ ሊያወርደው ይችላል።

የሚያዋጣው መንገድ ጣቢያዎችን ማስተባበር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ በመጠን ይለያዩ እንጂ በጠባይ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። መጠኑን ከደሴ፣ ጠባዩን ከሁሉም ይወስዳሉ።

ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ሐይቅን፣ ባቲን፣ ጨፋን፣ ስሪንቃን፣ ወልዲያን፣ ወገል ጤናን የመሳሰሉ ጣቢያዎችን ይሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ከላይ እንዳልነው ያጽዱ። የእያንዳንዱን ጣቢያ የየዓመት ትልቅ ዝናብ ለራሱ አማካይ ያካፍሉ። አሁን ሁሉም በ1 ዙሪያ ይሆናሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ኤል-ሞመንት (የቁጥሮቹን መበታተንና ቅርጽ የሚለካ ስሌት) ያሰላሉ፤ ከተራው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚመረጠው አንድ ግዙፍ ቁጥር ብቻውን ስለማያናውጠው ነው። በ«አር» የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ለዚሁ የተሠራ «ኤልሞምአርኤፍኤ» የሚባል ጥቅል አለ፤ በኤክሴልም ይቻላል፣ ትዕግሥት ካለዎት።

ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው «የማይስማማ ጣቢያ አለ ወይ?» የሚል ነው። መለኪያው ለ8 ጣቢያ 2.14፣ ለ10 ጣቢያ 2.491፣ ለ15ና ከዚያ በላይ 3 ሲያልፍ ጣቢያው ተጠርጣሪ ነው። ተጠርጣሪ ማለት ወንጀለኛ ማለት አይደለም፤ በእኛ አያያዝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳታው ነው፤ የተጠራቀመ ንባብ፣ የተዛወረ መለኪያ፣ ከጎኑ የበቀለ ባሕር ዛፍ። ዳታው ንጹሕ ሆኖ ካለፈ ብቻ «ይኼ ጣቢያ ሌላ ክልል ነው» ይባላል። ሁለተኛው ፈተና የክልሉን አንድነት ይለካል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይሁን፣ በ1ና በ2 መካከል ያጠራጥራል፣ ከ2 በላይ ከሆነ ይክፈሉት።

ሲከፍሉ በተፋሰስ ድንበር አይሂዱ። የዝናብ ጠባይ በአዋሽና በዓባይ መለያ ሸንተረር ላይ አይቆምም። እኛ መጀመሪያ የምናየው የትልቁ ዝናብ ወር ነው። አንዱ ጣቢያ ትልቁን ዝናቡን ሁልጊዜ በሐምሌና ነሐሴ፣ ሌላው ደግሞ ደጋግሞ በበልግ፣ በሚያዝያ የሚያገኝ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ስንዴና ጤፍ እንደ መቀላቀል ነው። የበልጉንና የክረምቱን ትልቅ ለየብቻ አውጥቶ ማየት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ፈተናውን ያለፉት ጣቢያዎች ኤል-ሞመንት በመዝገብ ርዝመት እየተመዘነ ይማከላል፤ በዚያ ላይ ጂኢቪ የሚባለው፣ ለትልልቅ ቁጥሮች የሚያገለግል ስርጭት ይገጠማል። ከዚያ የሚወጣው የዕድገት መስመር «የ50 ዓመት ዝናብ የአማካዩ ስንት እጥፍ ነው?» የሚለውን ይመልሳል። እሱን በደሴ የ12 ዓመት አማካይ ያባዙታል።

«12 ዓመት ለአማካይ ይበቃል?» ካሉ፣ ያንኑ ምሳሌ እንውሰድ። አማካዩ 55፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 14 ከሆነ የአማካዩ ስሕተት 4 ሚ.ሜ.፣ ማለትም 7 በመቶ ገደማ ነው። በእነዚሁ 12 ዓመታት ብቻቸውን ጉምቤል ሠርተው የ50 ዓመቱን ቢያወጡ ግን ስሕተቱ 13.6 ሚ.ሜ. ይደርሳል። 30 ዓመት ቢኖርዎትም 8.6 ነው። ማስተባበር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በልምድ የተያዘው መመሪያ ለ50 ዓመት ግምት በድምሩ 250 የጣቢያ-ዓመት ይኑርዎ ይላል። ይሁን እንጂ በአንድ ቀን በአንድ ደመና የተመቱ ሁለት ጣቢያዎች ሁለት ሙሉ ምስክር አይደሉም። ስለዚህ 250ውን እንደ ዋስትና ሳይሆን እንደ ዝቅተኛ ወለል ይዩት።

ውጤቱን ከመንገዶች ባለሥልጣን የ2013 እ.ኤ.አ. የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋል ጋር ያስተያዩት። ማኑዋሉ አገሩን በዝናብ ክልል ከፍሎ ለየክልሉ የዝናብ መስመር ያስቀምጣል። ከሩብ በላይ ከተራራቃችሁ ምክንያቱን ሳያገኙ አይፈርሙ።

«ከዕለታዊ ዝናብ ወደ 10 ደቂቃ ዝናብ እንዴት ይወረዳል? ደሴ ላይ ውሃው ከጦሳ ወርዶ ፒያሳ ለመድረስ ቡና ተፈልቶ አያልቅም።» (የውሃ ምሕንድስና ተማሪ፣ ከደሴ)

ጥሩ አይተሻል እህታችን፤ ደሴ ላይ ዋናው ነገር ይኼ ነው። ርዝመቱ 1,200 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 300 ሜትር የሆነ ገመገም እንውሰድ። ውሃው ከላይ እስከ ታች ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ በሚሰጠው በኪርፒች ቀመር ርዝመቱ በሜትር ወደ 0.77 ፓወር፣ ተዳፋቱ (300 ለ1,200፣ ማለት 0.25) ወደ −0.385 ፓወር ከፍ ብለው ከ0.0195 ጋር ይባዛሉ። ውጤቱ 8 ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ቦዩን የሚፈትነው የቀኑ ዝናብ ሳይሆን የ10 ደቂቃው ዶፍ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ዝናቡን በየደቂቃው የሚመዘግብ ጣቢያ መረጃ ነው። ካልተገኘ በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ቀመር አለ። በምትፈልጊው ሰዓት ላይ 0.3 ደምረሽ 24.3ን ለድምሩ ታካፍያለሽ፤ ውጤቱን ወደ አንድ ፓወር ታሳድጊያለሽ፤ ከዚያ ሰዓቱን ለ24 አካፍለሽ ታባዢበታለሽ። የሚወጣው «ከ24 ሰዓቱ ዝናብ ስንት እጁ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይወርዳል» የሚል ነው። ፓወሩ 0.9 ሲሆን 1 ሰዓት 58 በመቶ፣ 30 ደቂቃ 45 በመቶ፣ 15 ደቂቃ 32 በመቶ፣ 10 ደቂቃ 24 በመቶ ይይዛሉ።

ወጥመዱ ፓወሩ ላይ ነው። የሚሰጠው ክልል ከ0.78 እስከ 1.09 ነው። በ0.78 የአንድ ሰዓቱ ድርሻ 41 በመቶ ይሆናል። በ1.09 ደግሞ 101 በመቶ! አንድ ሰዓት ከሙሉ ቀኑ በላይ ሊዘንብ አይችልም። ኤክሴል ግን አይቃወምሽም፤ ቁጥሩን ቁጭ ያደርግልሻል። ስለዚህ ከ1 በላይ የሆነ ፓወር ስታገኚ የአጭሩን ጊዜ ድርሻ መጀመሪያ አስልተሽ እይ። በአካባቢሽ ከሚገኝ መዝጋቢ ጣቢያ የጥቂት ዓመት የ1 ሰዓት ትልቅ ዝናብ ካለ ፓወሩን ከሱ አውጪው፤ የ5 ዓመት መረጃ እንኳ ከመገመት ይሻላል።

የመጀመሪያውን መልስ 94.5 ሚ.ሜ. እንያዝ። የ10 ደቂቃው 23 ሚ.ሜ. ነው፤ በሰዓት ሲሰላ 138 ሚ.ሜ.። ተፋሰሱ 40 ሄክታር፣ የፍሰት መጠነ-ድርሻው (ከዝናቡ የሚፈስሰው እጅ) 0.6 ከሆነ ከዝናብ ፍሰትን በሚያወጣው በራሽናል ዘዴ 0.278 × 0.6 × 138 × 0.4 ካሬ ኪ.ሜ. = 9.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ። በስሕተት የአንድ ሰዓቱን 55 ሚ.ሜ. የያዘ ሰው 3.7 ያገኛል፤ ቦዩ ከግማሽ በታች ይሠራል ማለት ነው። በላይ ያለው ተዳፋት በቤትና በቆርቆሮ ተሸፍኖ ድርሻው ከ0.6 ወደ 0.75 ሲያድግ ደግሞ 9.2 የነበረው 11.5 ይሆናል። ዝናቡ ሳይጨምር ማለታችን ነው።

9.2 ሜትር ኩብ በ4 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ቢወርድ 2.3 ካሬ ሜትር ስፋት ይፈልጋል፤ 1.5 በ1.5 ሜትር የሆነ ቦይ ሞልቶ ማለት ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ በዚያው ፍጥነት 1.1 ሜትር ኩብ ብቻ ያሳልፋል፤ ያውም አንድ የጦሳ ድንጋይ እስኪሰነቀርበት። በገደላማ ቦይ ላይ ፍጥነቱ ራሱ የግንቡን ወለል ስለሚነቅል በየመሃሉ ደረጃ ይግባ። ራሽናል ዘዴም ከ50 ሄክታር በላይ አይወሰድ።

«ቦዩ ሲመረቅ "ለ25 ዓመት ዝናብ የተሠራ" ተባለ። በሦስተኛው ክረምት ውሃው ሱቄ ገባ። ተታለልን ወይስ ምንድን ነው?» (ነጋዴ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

አብሽር ወንድማችን። «የ25 ዓመት ዝናብ» ማለት በ25 ዓመት አንዴ ተራ ጠብቆ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ 4 በመቶ ዕድል ያለው ማለት ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የመምጣቱ ዕድል 11.5 በመቶ፣ በ25 ዓመት ውስጥ ደግሞ 64 በመቶ ነው። አጠራሩ ሰው ያሳስታል፤ የምረቃ ንግግር ሲጨመርበት ይብሳል።

መታለል አለመታለሉን ግን ግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል። የጭቃው መስመር በቦዩ ሙሉ ርዝመት እስከ አፉ ከደረሰ ዝናቡ በእርግጥ በርትቶበታል፤ ወይም ዲዛይኑ አንሷል። ከአንድ ነጥብ ወደ ላይ ሞልቶ ከዚያ ወደ ታች ግማሽ ከሆነ ግን ችግሩ መዘጋት ነው። ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ከተራራ የወረደ ጠጠር ፍርግርጉ ላይ ተጠራቅሞ ይሆናል። ይኼ ዝናቡ በወረደ ማግስት፣ ጭቃው ሳይታጠብ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሲያመለክቱ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ የዲዛይኑ ዝናብ ስንት ሚ.ሜ. ነው? በስንት ደቂቃ? የፍሰት ድርሻው ስንት ተያዘ? ሦስቱን የማይመልስ ዲዛይን «የ25 ዓመት» ሊባል አይገባውም።

«ኮምቦልቻ ጠብ ሳይል ቦርከና ደፍርሶ ሞልቶ ይመጣል። ለድልድይ ታዲያ የየትኛውን ዝናብ ነው የምንይዘው?» (ቴክኒሺያን፣ ከኮምቦልቻ)

ውሃው የደሴ ነው። ቦርከና የደሴን ተዳፋት አጥቦ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ስለዚህ ለከተማው ቦይ የኮምቦልቻ የደቂቃ ዶፍ፣ ለቦርከና ድልድይ የላይኛው ተፋሰስ የሰዓታት ዝናብ ይያዛል። እንደ ለዮሌና ወርቃ ያሉት ገባሮች በየራሳቸው ይሰላሉ፤ ከፍተኛ ፍሰታቸው ከቦርከና ጋር በአንድ ሰዓት ይደርሳል ብሎ መደመር ያጋንናል፤ «አይገናኝም» ማለትም ያሳንሳል። ሁለቱንም አስልተው ያስቀምጡ።

ሰፊ ተፋሰስ ላይ ዶፍ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይመታም፤ የጣቢያው ዝናብ መቀነስ አለበት። ለምሥራቅ አፍሪካ የወጣው ቀመር፣ የስፋቱን ካሬ ሥር በካሬ ኪ.ሜ. ወስደው፣ ለሰዓቱ ኩብ ሥር አካፍለው፣ በ0.04 አባዝተው ከ1 ይቀንሱ ይላል። ለ50 ካሬ ኪ.ሜ. በ3 ሰዓት 0.80 ይመጣል። ይኼን ለ40 ሄክታር ተዳፋት የሚጠቀም አጋጥሞናል፤ እዚያ ላይ ምንም ትርጉም የለውም።

ከቅነሳው የሚበልጠው ግን የአፈሩ እርጥበት ነው። በነሐሴ አጋማሽ አፈሩ ጠግቧል። ከርቭ ነምበር (መሬቱ ከዝናቡ ምን ያህሉን እንደሚያፈስስ የሚያመለክት ቁጥር) 80 ይዘው 94.5 ሚ.ሜ. ቢያዘንቡበት 46 ሚ.ሜ. ይፈስሳል። ያው መሬት ሲረጥብ ቁጥሩ 90 ይሆንና 67 ሚ.ሜ. ይፈስሳል፤ ጎርፉ ወደ ግማሽ ያህል ጨመረ። የክረምት ዝናብ ይዞ የደረቅ መሬት ቁጥር መጠቀም በየዘገባው የምናየው ስሕተት ነው። እኛ ለዚህ አካባቢ እርጥቡን እንመርጣለን፤ ትልቁ ዝናብ የበልግ ለሆነበት ጣቢያ ብቻ መካከለኛውን።

«ጣቢያ ማዳረስ ከባድ ነው። ከሳተላይት ዝናብ ብቻ መሥራት አይቻልም?» (ከደሴ)

ለዲዛይን ቁጥር አይቻልም። ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይት ዝናብ መረጃ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ5 ኪ.ሜ. ገደማ ዕለታዊ ዝናብ ይሰጣል፤ አይመርግ የሚባለው ሌላው ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ በ10 ኪ.ሜ. ገደማ። ሁለቱም በሰፊ ካሬ ላይ የተማከሉ ስለሆኑ የዶፉን ጫፍ ያደበዝዙታል፤ በእንደኛ አገር ገደላማ መሬት ላይ ይብሳል። የሚጠቅሙት ለሌላ ነገር ነው። 80 ሚ.ሜ. የተጻፈበት ቀን ደመና ነበረ ወይ? ዶፉ ሰፊ ነበር ወይስ በአንድ መንደር ላይ ብቻ? የትኞቹ ጣቢያዎች አብረው ይመታሉ? ለዚህ ግሩም ናቸው።

«ተማሪዎቼ ጊቢያችን ውስጥ ዝናብ እንዲለኩ እፈልጋለሁ። በምን?» (መምህር፣ ከጢጣ)

አፉና ታቹ እኩል የሆነ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ይበቃል፤ የውሃው ጥልቀት በማስመሪያ ይነበባል። ሃይላንድ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ቀጥታ አይለካበትም። 20 ሳንቲ ሜትር አፍ ያለው ማፍሰሻ (ፈነል) በጀሪካን ላይ ካስቀመጡ የተሻለ ነው፤ ውሃውን በሚሊ ሊትር ለክተው ለ31.4 ሲያካፍሉ ሚ.ሜ. ይሰጣል። ዛፍና ሕንፃ ከመለኪያው አፍ በላይ ባላቸው ቁመት ቢያንስ እጥፍ ይራቁ፤ ጣሪያ ሥር ግን በጭራሽ። ንባቡ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ዕረፍትና በዓል ሳይል ይሁን። እሑድ የሚያነብ ከሌለና ሰኞ ብዙ ውሃ ከተገኘ የሁለት ቀን መሆኑን ከጎኑ ይጻፉ፤ በእሑድ ቦታ ሰረዝ ያስምሩ እንጂ ዜሮ አይሙሉ።